ከአልጋ ሥር ያሉ ካሴቶችን ማዳን፦ ከሐዋሳ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን በፌስታል የጠቀለሏቸውን አሥራ አንድ ካሴቶች ይዘው ቤቴ መጡ። ወንድማቸው ውጭ አገር በነበሩበት ጊዜ በሰው እጅ የላኳቸው የድምፅ ደብዳቤዎች ናቸው። ስልክ ውድ በሆነበት በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰብ የሚነጋገረው እንዲህ ነበር። የመጀመሪያውን ካሴት ስንከፍት የወንድማቸው ድምፅ የቤቱን ሰው በየስሙ እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል። ጎኑን ስናዞረው ደግሞ እዚህ ሐዋሳ የተቀዳ፣ ሳይላክ የቀረ መልስ አገኘን። ንግግሩ ካለቀ በኋላ የአንዲት ሴት ሳቅ ይሰማል። ጎረቤታችን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ትንሽ ቆዩና «ይህቺ ሳቅ የእናቴ ናት» አሉ።

ያን ዕለት እሳቸው አጠገቤ ባይቀመጡ ኖሮ ሳቁ በኮምፒውተር ይቀዳ ነበር፤ የማን እንደ ሆነ ግን ማንም አያውቅም ነበር። ይህንን መመሪያ የምጽፈው ለዚህ ነው። ድምፁን ከክሩ ላይ ማውጣት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ የሚሠራ ነው።

ጊዜው አጭር ነው። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ወድምፅ ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሰራጨው ማስጠንቀቂያ፣ የማግኔት ክሮችን በአግባቡ ማጫወት የሚቻልበት ዘመን እ.ኤ.አ. በ2025 ገደማ እያበቃ እንደሚሄድ አሳስቦ ነበር። ምክንያቱ የክሩ ማርጀት ብቻ አይደለም፤ ማጫወቻው፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ አብረው እየጠፉ ነው። የቪዲዮ ዴክ በማምረት የመጨረሻው የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል። ዛሬ ፒያሳ አካባቢ የምናገኘው ዴክ ሁሉ ያገለገለ ነው፤ የሚተካውም የለም።

1. መሰብሰብና መለየት

ካሴቶቹን ከቡፌው፣ ከአልጋ ሥርና ከቆርቆሮ ሳጥኑ አውጥታችሁ ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርጓቸው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ፤ ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በፕላስቲኩ ላይ ለጥፉ። በአንድ ደብተር ላይ ቁጥሩን፣ ልባሱ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል፣ ካሴቱ ከማን እንደ መጣና ምን እንደሚመስል መዝግቡ። የተሳሳተ የሚመስል ጽሑፍ ቢኖርም አታርሙት፤ እንዳለ ገልብጡት። ከስሕተቱ በኋላ ላይ አንድ ነገር ሊገኝ ይችላል።

በገበያ የወጣ የዘፈን ካሴት ሌላ ሰው ቤትም ይኖራል። የአያታችሁ ተረት፣ የልቅሶ እንጉርጉሮ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የድምፅ ደብዳቤ ግን በዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ጀምሩ።

ሌላ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ከካሴቱ የጀርባ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሯቸው። የቪዲዮ ካሴትም እንዲሁ አንድ ጥርስ አለው። ጥርሱ ሲነሣ ማሽኑ በላዩ ላይ መቅዳት አይችልም፤ አንድ ቁልፍ በስሕተት ቢነካ የአርባ ዓመት ድምፅ አይጠፋም።

በካሴቱ መስኮት በኩል ክሩ ላይ ነጭ ዱቄት ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ከሐይቅ አጠገብ በምንኖር ሰዎች ቤት፣ በተለይ ከክረምት በኋላ፣ ይህ ብርቅ አይደለም። የሻገተ ካሴት ማሽን ውስጥ አታስገቡ፤ ክሩን የሚያነበውን የማሽኑን ክፍል፣ ማለት ሄዱን፣ አበላሽቶ ሻጋታውን ወደ ቀጣዮቹ ካሴቶች ያጋባል። በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ ከሌሎቹ ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ስትነኩትም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ማጽዳቱን ለሚችል ባለሙያ ተዉት።

2. ማጫወቻውን ማዘጋጀት

ካሴትን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣሉ እየተባሉ የሚሸጡትን ርካሽ ትንንሽ ማጫወቻዎች አልመክርም። ፍጥነታቸው ይዋዥቃል፣ ድምፃቸውም ይንቀጠቀጣል። ከኋላው ቀይና ነጭ ቀዳዳ ያለው፣ በደኅና ሁኔታ የተያዘ የድሮ ዴክ በብዙ ይሻላል። ከዘመድ ቤት ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ዴክ አታጡም። ከመግዛታችሁም ሆነ ከመዋሳችሁ በፊት የምታውቁትን፣ ቢበላሽም የማያስቆጭ የዘፈን ካሴት አጫውቱበት። ዘፈኑ ከዘገየ ወይም ከዋዠቀ ብዙውን ጊዜ የማሽኑ ማዞሪያ ላስቲክ ላልቷል፤ ጠጋኝ በአዲስ ላስቲክ ይለውጠዋል።

ከዚያ አጽዱት። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክራችሁ ሄዱንና በዙሪያው ያሉትን ብረቶች ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ ጥረጉ። የጎማውን መዘውር ግን በውኃ ረጠብ ባለ ጨርቅ ብቻ አጽዱ፤ አልኮል ሲደጋገም ጎማ ያደርቃል። ይህ ለድምፅ ካሴት ዴክ ነው። የቪዲዮ ዴክን ሄድ በጥጥ ፈጽሞ አትንኩ፤ የጥጡ ክር ይዞ ይሰብረዋል። እሱን ለጠጋኝ ስጡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምጠነቀቅለትን ሥራ ላሳያችሁ። የዴኩ ሄድ ክሩን የሚነካበት ማዕዘን በቀዳው ማሽንና በሚያጫውተው ማሽን መካከል በጥቂቱ ይለያያል። ልዩነቱ ከፀጉር ቢቀጥንም ድምፁን ያፍነዋል፤ ተናጋሪው ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ብዙዎች «ካሴቱ አርጅቷል» ብለው ይተዉታል። ካሴቱ ግን አላረጀም። ከሄዱ ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ በብዙ ዴኮች የካሴቱ በር ሲነሣ ትታያለች። የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ካሴቱን እያጫወታችሁ ብሎኗን በቀጭን መፍቻ በጣም በዝግታ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ፣ ወደ አንድ ወገን አዙሩ። «ሰ»ን እና «ሸ»ን አዳምጡ። እነዚህ ፊደሎች ጠርተው የሚሰሙበት አንድ ነጥብ አለ፤ እዚያ ቁሙ። የጎረቤታችን ካሴት ላይ ይህን ስናደርግ ከድምፁ ኋላ የነበረው ጭፍግግታ ተገፈፈና የዝናብ ድምፅ ወጣ፤ ዝናቡ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ነበር የተቀዳው። በሌላ ማሽን ለተቀዳ ለእያንዳንዱ ካሴት ይህንን እንደገና ማድረግ ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፤ ግን በኋላ በየትኛውም ፕሮግራም የማይመለስ ነገር የሚተርፈው በዚህ ነው።

ለብዙ ዓመት ሳይነካ የቆየ ካሴት ከመቀዳቱ በፊት እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ ከዚያም ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ይጠቅለል። ክሩ የተበጠሰ ከሆነ በቤት በምንጠቀመው ስኮች አትቀጥሉት፤ ሙጫው ቆይቶ ይፈስና ከአጠገቡ ያለውን ክር ያጣብቃል። ለዚሁ የተሠራ የካሴት መቀጠያ ቴፕ አለ።

3. ድምፁን መቅዳት

ከዴኩ ኋላ ካለው ቀይና ነጭ ቀዳዳ ገመድ አውጥታችሁ በዩኤስቢ ከሚገናኝ የድምፅ ካርድ ጋር አያይዙት። የላፕቶፑን የማይክሮፎን ቀዳዳ አትጠቀሙ፤ ለደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ጩኸትና ሹክሹክታ ይጨምራል።

ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ይሁን። በነፃ ይወርዳል፤ አጠቃቀሙም በድረ ገጹ ላይ በዝርዝር ተጽፏል። በሁለት ቻናል፣ በ48,000 ወይም በ96,000 ኸርዝ፣ በ24 ቢት ቅዱ። ይህን ልክ እኔ አልፈጠርኩትም፤ ከላይ የጠቀስሁት የቤተ መዛግብት ማኅበር፣ በአጭር ስሙ ኢያሳ፣ ቲሲ-04 ብሎ ባወጣው መመሪያ ላይ ያስቀመጠው ነው። መመሪያውን በኢንተርኔት ላይ በነፃ ማንበብ ይቻላል። ለባለሙያ የተጻፈ ቢሆንም ስለ ካሴት የሚናገረው ክፍል ማንም ጠጋኝ የሚረዳው ነው። ለቪዲዮ ደግሞ ቲሲ-06 አለ።

የድምፁን ከፍታ የካሴቱን ከፍተኛ ድምፅ ፈልጋችሁ ለኩ፤ እልልታ ካለበት እልልታውን። መለኪያው ከዜሮ በታች በ12 እና በ6 ዴሲቤል መካከል ይድረስ። ዜሮን ከነካ ድምፁ ተቆርጧል፤ የተቆረጠ ደግሞ አይቀጠልም። ዝቅ ብሎ የተቀዳ በኋላ ከፍ ይላል።

የማያቋርጥ «እምምም» ከተሰማችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት። አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ወዲያው ይጠፋል፤ ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚመጣ የ50 ኸርዝ ጩኸት ነውና። ባትሪውን አስቀድማችሁ ሙሉት። የስልክና የኮምፒውተር የመልእክት ድምፆችን፣ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚተኛበትንም ምርጫ አጥፉ። መብራት ከጠፋ ላፕቶፑ ይቀጥላል፣ ዴኩ ግን ይቆማል፤ ያን ጎን እንደገና ከመጀመሪያው ቅዱ። ከመሃል አትቀጥሉ።

ጎኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጡ ቅዱ። ባዶ የሚመስለውንም ቦታ አትዝለሉ፤ የጎረቤታችን እናት ሳቅ የተገኘው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሲያልቅ በዋቭ ፋይል አስቀምጡ። ይህ ፋይል እናት ፋይሉ ነው። ጩኸቱ አይጸዳበትም፣ ጸጥታው አይቆረጥበትም፣ አይነካም። ለዘመድ የሚላከውን፣ ጩኸቱ የተቀነሰውን ኤምፒ3 ከእሱ ቅጂ ሥሩ። ኤምፒ3 ፋይሉን የሚያሳንሰው ከድምፁ ላይ እየጣለ ስለሆነ እናት ፋይል መሆን አይችልም።

ቦታ አያስፈራችሁ። የአንድ ሰዓት ድምፅ በ48,000 ኸርዝ አንድ ጊጋባይት ያህል ነው። የ90 ደቂቃ ካሴት ሃምሳ ቢኖራችሁ 75 ሰዓት፣ ማለት ወደ 78 ጊጋባይት ይሆናል። በ96,000 ቢቀዳ እጥፉ ነው። ለዚህ አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ይበቃል።

4. ቪዲዮውን መቅዳት

የአገራችን የቪዲዮ ካሴቶች ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀዱ ናቸው፤ 720 በ576 ነጥብ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። በዚያው ልክ ቅዱ። ምስሉን ለዛሬ ሰፊ ቴሌቪዥን ብላችሁ አትለጥጡት፤ ሰው ያወፍራል እንጂ ጥራት አይጨምርም። ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ሥርዓቱ ሌላ ስለሆነ ሁሉንም የሚያነብ ዴክ ያስፈልገዋል።

ከዴኩ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው የዩኤስቢ መቀበያ ኦቢኤስ ስቱዲዮ በተባለ ፕሮግራም ይሠራል። ለቤተሰብ ይህ በቂ ነው፤ ፋይሉ ግን በከፍተኛ ጥራት ይቀመጥ። ቤተ መዛግብት የሚጠቀሙበት ኤፍኤፍቪ1 የሚባል፣ ከምስሉ ምንም ሳይጥል የሚያሳንስ ዘዴ ነው። ለአንድ ሰዓት በአሥር ቤት የሚቆጠር ጊጋባይት ይወስዳል። ይህን መሥራት የምትሹ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዱና ኤፍኤፍኤምፕሮቪዘር የተባለውን ገጽ ክፈቱ። የቤተ መዛግብት ሠራተኞች ያዘጋጁት የትእዛዝ ማውጫ ነው፤ እያንዳንዱን ትእዛዝ ቃል በቃል ያብራራል፣ ገልብጣችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ምስሉ ላይ ነጭ መስመር ሲመላለስ ወይም ጫፉ ሲጎብጥ ጥፋቱ የክሩ ይሁን የማሽኑ ለማወቅ ያስቸግራል። ለዚህ የሚረዳ የኦዲዮና ቪዲዮ ብልሽት አትላስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ብልሽቶቹን በምስልና በድምፅ አሳይቶ መንስኤያቸውን፣ መታረም መቻል አለመቻላቸውንም ይናገራል። እኔ ተበላሽቷል ብዬ የተውሁትን አንድ የጥምቀት ቪዲዮ በሌላ ዴክ እንድሞክር ያደረገኝ ይህ ገጽ ነው፤ ምስሉ ቀጥ ብሎ ወጣ።

5. ስም መስጠትና ማዳመጥ

የፋይሉን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር አሳጥራችሁ ጻፉ፤ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደል ሲያዩ ይሰናከላሉ። የካሴቱ ቁጥር፣ ጎኑና ዓመቱ ይበቃል። ሙሉው ታሪክ በአማርኛ በሰንጠረዥ ይቀመጥ። ዓመት በጻፋችሁ ቁጥር ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ፤ በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ቆይቶ ብዙ ነገር ያምታታል።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ለሽማግሌው ወይም ለእናታችሁ ቡና አፍሉና ካሴቱን አብራችሁ አዳምጡ። ስልካችሁን ለመቅዳት ክፈቱ፤ የእነሱ ማብራሪያ ራሱ ሌላ ቅርስ ነው። ማን ነው የሚናገረው? የት ነው የተቀዳው? ያ የሚሰማው ልጅ ማን ነው? አሁን የት ነው? በየትኛው ደቂቃ እንደ ተሰማ ጭምር ጻፉ። አትጣደፉ፤ አንድ ጎን ሁለት ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ።

ሐዋሳ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ ናት። በአንድ የሠርግ ካሴት ውስጥ አማርኛ፣ ሲዳምኛና ወላይትኛ ሲፈራረቁ ሰምቻለሁ። የማትሰሙት ቋንቋ ካለ በግምት አትለፉት፤ ቋንቋውን መዝግቡና የሚያውቀውን ሰው ጥሩ። የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል ፊቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በጉዱማሌ ሲከበር ድሮ በቤት ካሜራ የተቀዱ ቪዲዮዎች በስንት ቤት ሳሎን እንዳሉ አስቡ። ጭፈራውን ሁሉም ያየዋል፤ ከፊት የቆሙትን አባት በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ግን ዓመት በዓመት እየቀነሰ ነው።

6. ማስቀመጥ

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የታላቅ እኅቴን የሠርግ ቪዲዮ ወደ ዲቪዲ እንዲገለብጡልን ለአንድ ሱቅ ሰጠን። ዲስኩን ተቀበልን፤ ካሴቱን አልጠየቅንም፣ እነሱም ጣሉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዲስኩ መነበብ አቆመ። አባቴ እኅቴን ሲመርቁ የሚታዩበት ሌላ ቅጂ የለም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አልለቅም፦ ዋናውን ካሴት አልጥልም፣ ፋይልንም በአንድ ቦታ ብቻ አላስቀምጥም።

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ። ሁለቱ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች፣ አንዱ ደግሞ ከከተማው ውጭ፣ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ባለ ዘመድ ቤት። ፍላሽ ለመላላኪያ ነው እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ጉግል ድራይቭ በነፃ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ለመጀመሪያዎቹ ውድ ካሴቶች ይበቃል። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ በቪዲዮ መልክ ከላካችሁት ጨምቆ ያሳንሰዋል።

ፋይል ሳይታወቅ ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ የፋይል አሻራ የሚባል አለ፤ ከፋይሉ ውስጥ ተሰልቶ የሚወጣ የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ነው። ፋይሉ በአንዲት ነጥብ እንኳን ከተለወጠ አሻራው ይለወጣል። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚሰጠው ባገር የተባለ ፕሮግራም ፋይሎችን ከነአሻራቸው በአንድ ማኅደር ያሽጋል፤ በኋላም ራሱ ያመሳክራል።

ለሕዝብ የሚጠቅም ቅጂ ካላችሁ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ መጫን ይቻላል፤ የጫናችሁትን ግን ዓለም ሁሉ ያያል። የቤተሰብ ደብዳቤ፣ የልቅሶ ድምፅ፣ የሰው ሠርግ ከተቀዱት ሰዎች ወይም ከልጆቻቸው ፈቃድ ሳይገኝ አይውጣ። የዘፈን ካሴትም ባለመብት አለው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቀዋል። ሰፊ ታሪካዊ ዋጋ ያለው ስብስብ ከሆነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ወይም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትን ማነጋገር ይሻላል።

ዋናዎቹን ካሴቶች እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርጋችሁ በሽፋናቸው አቁሟቸው። ከፀሐይ፣ ከድምፅ ማጉያና ከማቀዝቀዣ አናት አርቋቸው፤ ወለል ላይም አይቀመጡ። በጫማ ካርቶን የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አትጣሉ፣ እዚህ ይጠቅማሉ።

ሃርድ ዲስኮቹን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ በጥቅምትና በሚያዝያ፣ ሰክታችሁ አሻራዎቹን አመሳክሩ። የማይገጥም ፋይል ካለ ከደኅናው ቅጂ ተኩት። ያመሳከራችሁበትን ቀንና ያገኛችሁትን በደብተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፉ፤ ደብተሩንም በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ከፋይሎቹ ጋር አስቀምጡ።